ከሦስቱ ቤቶች የእኛ የትኛው ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። «ደግሞ ልብ ወለድ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ወደዚህ ርእስ ያመጣንን ነገር እናጫውታችሁ።

ይህን ዝግጅት ከምናሰናዳው መካከል የአንዳችን ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። አክስቷ ከአውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን ከተማ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትልክላታለች። ልጅቱ ለሦስት ቀን ምግብ ላይም መኝታ ላይም ከመጽሐፉ አልተለየችም። አባት «ምን ይሆን?» ብሎ ሲገልጠው አንድ ገጽ ላይ በእርሳስ ተሰምሮበት አገኘ። ስፍራው አንዲት እናት ልጇን ሳትሰማ የምትቆጣበት ነበር። «ይህን ለምን አሰመርሽበት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም አቀርቅራ «አባ፣ ስለማነበው ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለ ውጤቴ ብቻ ነው» አለችው።

ወንድማችን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግሥቱ መጽሐፉን ይዞልን መጣና ተራ በተራ አነበብነው። ከዚያም «ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የሁላችንም ነው» ተባባልን። የዛሬው ዝግጅት መነሻ ይህ ነው። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

መጽሐፉና ጸሐፊዋ

የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በዚህ ራሴ ትልቅ ይመስላል?» እንደማለት ነው። ሴቶች ልብስ ሲለኩ መስታወት ፊት ቆመው የሚጠይቁትን ጥያቄ ጸሐፊዋ ለሒጃብ አዋለችው። ከርእሱ ጀምሮ ፈገግ የሚያሰኝ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ2005 አውስትራሊያ ውስጥ ሲሆን በ2006 የአገሪቱ የመጻሕፍት ኢንዱስትሪ ለታዳጊዎች በተጻፉ መጻሕፍት ዘርፍ ሸልሞታል።

ጸሐፊዋ ረንዳ አብደልፈታሕ ትባላለች። በ1979 ሲድኒ ውስጥ ከፍልስጤማዊ አባትና ከግብፃዊት እናት ተወልዳ ያደገችው ሜልቦርን ነው። በመጀመሪያ በካቶሊክ ት/ቤት፣ ቀጥላም በኢስላማዊ ት/ቤት ተምራለች። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ በጥብቅና ሠርታለች። በኋላም ወደ ምርምር ዓለም ገብታ በሙስሊሞች ላይ ስለሚሰነዘር ጥላቻ አጥንታ ዶክትሬቷን አግኝታለች። በ2021 ደግሞ ከመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ወዲህ «ሽብርተኝነትን መዋጋት» በሚባለው ዘመን ስላደጉ ወጣቶች አንድ የጥናት መጽሐፍ አሳትማለች። ከልብ ወለዷ እስከ ጥናቷ አንድ ጥያቄ ስትከታተል ኖራለች ማለት ይቻላል፤ በጥርጣሬ በሚታይ ማኅበረሰብ ውስጥ ልጅ እንዴት ያድጋል?

ስለ አውስትራሊያ ሙስሊሞች ጥቂት ማወቅ ታሪኩን ለመረዳት ያግዛል። እስልምና ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምንለው አገር፣ ከማካሳር፣ የሚነሡ ሙስሊም ዓሣ አጥማጆች የአውሮፓውያን ሰፈራ ከመስፋፋቱ በፊት ወደ ሰሜናዊው የአውስትራሊያ ጠረፍ ይመላለሱ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ደግሞ «አፍጋኖች» በሚል የወል ስም የተጠሩ ግመል ነጂዎች በረሃውን አቋርጠው ዕቃ አመላልሰዋል፤ በ1880ዎቹ መጨረሻም አደሌድ ከተማ ላይ መስጊድ ሠርተዋል። ከ1901 በኋላ ግን «ነጭ አውስትራሊያ» የተባለው ፖሊሲ የአፍሪቃና የእስያ ሰዎችን መግቢያ አጠበበ። ቱርኮች በብዛት መግባት የጀመሩት ሁለቱ መንግሥታት በ1967 ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ነው። ከ1975 በኋላም የእርስ በርስ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሊባኖሳውያን ተከተሉ። በ2001 የሕዝብ ቆጠራ የሙስሊሞች ቁጥር ከ280,000 በላይ ነበር፤ በ2021 ቆጠራ 813,392 ደርሷል፤ ይህም ከሕዝቡ 3.2 በመቶ ነው። በሜልቦርን ዛሬ የእኛም አገር ልጆች፣ ከነርሱም መካከል ሐረሪዎች፣ ይኖራሉ። ያቺ አክስት ለእህቷ ልጅ ስትልክላት ይህንኑ መጽሐፍ የመረጠችው በከንቱ አይደለም።

የአማል ውሳኔ

የታሪኩ ባለቤት አማል አብደልሐኪም ትባላለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ለእናት ለአባቷ አንድ ናት። ቤተሰቧ ፍልስጤማዊ ነው፤ አባቷ ሐኪም፣ እናቷም የጥርስ ሐኪም ናቸው። እስከ አሥረኛ ክፍል ባስተማራት ኢስላማዊ ት/ቤት ሒጃብ የደንብ ልብስ አካል ነበር። አሁን የምትማርበት ሀብታሞች ልጆቻቸውን የሚልኩበት የግል ት/ቤት ነው፤ እዚያ ሒጃብ የለበሰ ተማሪ የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ዕረፍት አልቆ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አማል ሒጃብን ዘወትር ለመልበስ ታስባለች። ሀሳቡ የመጣላት መስጊድ ውስጥ ወይም ደርስ ላይ አይደለም፤ «ፍሬንድስ» የተሰኘውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እያየች ነው! አንዲት ገጸ ባሕርይ ሰው ሁሉ እያያት ሳታፍር ስትቆም ተመለከተችና «እኔስ ለእምነቴ እንዲህ መቆም ያቅተኛል?» አለች። አላህ የባሪያውን ልብ በየትኛው በር እንደሚያንኳኳ ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ የለም። ማን ይደግፈኛል፣ ማን ይስቅብኛል፣ አውቶቡስ ላይ ምን እሆናለሁ እያለች ስትጽፍና ስትሰርዝ ታድራለች። ውሳኔዋን ለወላጆቿ ስትነግራቸው «ማሻአላህ» ብለው ዘለው ያቅፏታል ብላ ነበር። እናቷ ራሳቸው ሒጃብ ለባሽ ናቸውና። እነርሱ ግን ሠጉ። «አስበሽበታል ወይ? ት/ቤትሽ ምን ይላል? ይከብድሻል እኮ» አሏት። እዚህ ላይ ልብ በሉ! የት/ቤቱ ርእሰ መምህርት በበኩላቸው «ወላጆችሽ አስገድደውሽ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ውጪ ያለው ሰው አስገደዷት ይላል፤ ቤት ያሉት ደግሞ ቆም ብለሽ አስቢ ይሏታል። በመጨረሻ ወላጆቿ ከጎኗ ቆሙ፤ ከት/ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር የሚስማማ ሒጃብ እንድትለብስ ተፈቀደላት።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሒጃቡን መልበስ የአንድ ጧት ሥራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው የከበዱት። ከጓደኛ ጋር እንዴት እሆናለሁ? ወላጆቼ ተሳስተዋል ብዬ ሳምን ምን አደርጋለሁ? የሚጠላኝን ሰው እንዴት ልይዘው? ሌላውን ሳልንቅ እምነቴን እንዴት ልኑር?

በእኛ ቋንቋ ይህ ዕድሜ ስም አለው። ልጅ ባሊግ ሲሆን መልካሙም መጥፎውም ሥራው ይመዘገብበታል፤ ሶላቱም ጾሙም የራሱ ዕዳ ይሆናል። እንግዲህ ስለ ጉርምስና የሚጻፍ ልብ ወለድ የሚናገረው ስለዚያችው ወቅት ነው። ትናንት «እናቴ አለችኝ» ይል የነበረ ልጅ ዛሬ «እኔ ወሰንኩ» የሚልባት ወቅት። እኛ ወላጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህቺን ወቅት የምናውቃት ልጃችን በሩን ዘግቶ መቀመጥ ሲጀምር ነው።

ሦስት ቤቶች

መጽሐፉን ስናነብ ከሁሉ በላይ ያስቆመን ነገር በውስጡ ያሉት ሦስት ሙስሊም ቤቶች ናቸው። ሦስቱም ስደተኞች ናቸው፤ ሦስቱም ልጆቻቸውን ይወዳሉ። የሚያፈሯቸው ልጆች ግን ይለያያሉ።

የመጀመሪያው የአማል ቤት ነው። በዚህ ቤት ሕግ አለ፤ ቁጣም አለ፤ አማልም ምላሷ የማያርፍ፣ አንዳንዴም ደፋር ልጅ ናት። ግን በዚህ ቤት ይጠየቃል፤ መልስም ይሰማል። ወላጆቿ ሒጃቧን በተመለከተ ሲሠጉ ሥጋታቸውን አልደበቁም፤ በሥጋታቸው ግን ውሳኔዋን አልቀሟትም። ልጅቱ በኋላ መንገድ ላይ ስትሰደብ፣ ሥራ ለመቀጠር ጠይቃ በሒጃቧ ምክንያት ስትመለስ፣ ያልተሰበረችው ለዚህ ነው። የራሷ የሆነ ነገር ነው የያዘችው። ተሸከሚ የተባለችው ሸክም ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ነፋስ ያስጥላት ነበር።

ሁለተኛው የለይላ ቤት ነው። ለይላ የአማል የልብ ጓደኛ፣ የቱርክ ልጅ፣ ሒጃብ ለባሽ፣ በትምህርቷ የላቀች፣ ጠበቃ መሆን የምትመኝ ናት። እናቷ ግን ያልተማሩ፣ በልጅነታቸው የተዳሩ ሴት ናቸው። ለእርሳቸው የልጅ ደኅንነት ማለት ትዳር ማለት ነው። ስለዚህ ለይላ ፈተና ስታጠና እርሳቸው ሽማግሌ ይቀበላሉ። ወንድሟ ደግሞ እንዳሻው ይወጣል፣ ይገባል፤ የሚጠይቀው የለም። እናቲቱ ይህን ሁሉ «ሃይማኖታችን ነው» ይላሉ። ለይላም አንድ ቀን ትሰለችና ቤቱን ጥላ ትጠፋለች፤ ሴቶች ወደሚጠለሉበት ቤት ትገባለች። አስቡት! የምትሰግድ፣ ሒጃብ የምትለብስ፣ ከአላህ ጋር ጠብ የሌላት ልጅ ናት የጠፋችው። የሸሸችው ከእስልምና አይደለም፤ በእስልምና ስም ከተነገራት ባህል ነው።

እዚህ ላይ ዲናችን ምን ይላል? በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የተባለች ሶሓቢያ አባቷ ሳትፈቅድ ዳራት። ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዳ አመለከተች፤ እርሳቸውም ጋብቻውን ሻሩት። ልጃገረድም ብትሆን ፈቃዷ ሊጠየቅ እንደሚገባ በሌላ ሐዲስ ተላልፏል። የለይላ እናት ይህን ቢያውቁ ኖሮ ልጃቸውን በሃይማኖት ስም ባላስጨነቋት ነበር። ችግሩ የዲን መብዛት አልነበረም፤ የዕውቀት ማነስ ነበር።

ነገር ግን ጸሐፊዋ እናቲቱን እንድንጠላቸው አትተወንም። አማል መጀመሪያ ላይ በሴትዮዋ ክፉኛ ትፈርዳለች፤ ወጣት ሁሉ እንደሚፈርደው። ልጃቸው ከጠፋች በኋላ ግን የምታየው የሚያለቅሱ፣ የደነገጡ፣ የሚያውቁትን ብቻ የሠሩ እናት ነው። ሴትዮዋን ማንም አላስተማራቸውም፤ ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቃቸውም። ያልተሰጣቸውን ከየት አምጥተው ይሰጣሉ? ለይላ በመጨረሻ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም፤ እናትና ልጅ ግን መነጋገር ጀመሩ።

ሦስተኛው ቤት የአማል አጎት ቤት ነው። አጎቷ ስማቸውን ለውጠው «ጆ» ተብለዋል፤ ባለቤታቸውም «ማንዲ» ሆነዋል። ከሰው ላለመለየት ሲሉ ቋንቋቸውንም ልማዳቸውንም ከቤታቸው አስወጥተዋል። የአማልን ሒጃብ ሲያዩ «ለምን ራስሽን ታስጠቁሪያለሽ?» ዓይነት ነገር ይመጣል። በነዚህም ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን እነርሱም የፈሩ ወላጆች ናቸው። የለይላ እናት ልጄን ውጪው ዓለም ይነጥቀኛል ብለው ፈሩ፤ አጎት ጆ ደግሞ ልጆቼን ውጪው ዓለም አይቀበልልኝም ብለው ፈሩ። አንዷ በሩን ዘጉ፤ ሌላው ግድግዳውን አፈረሱ። ሁለቱም አንድ ነገር አጓደሉ፤ ልጆቹን አልጠየቁም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከመጽሐፉ ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። ልጆቻችንን የሚያቆማቸው የሕጋችን ብዛት አይደለም፤ የሕጋችን ማነስም አይደለም። ሕጉ የራሳቸው እንዲሆን ዕድል የሰጠናቸው፣ ሲጠይቁን ያልተቆጣናቸው፣ ሲሠጉ የሰማናቸው ልጆች ናቸው የሚቆሙት።

ጓደኝነት

በጉርምስና ዕድሜ ጓደኛ ሁለተኛ ቤት ነው። የአማል ጓደኞች ሙስሊሞችም ሙስሊም ያልሆኑም ናቸው። ከለይላ ሌላ አባቷ ፓኪስታናዊ፣ እናቷም እስልምናን የተቀበሉ እንግሊዛዊት የሆኑት ያስሚን አለች። በአዲሱ ት/ቤት ደግሞ ሲሞንና የጃፓን ተወላጇ አይሊን አሉ። ሲሞን በውፍረቷ ምክንያት ራሷን የምትጠላ ልጅ ናት። የገዛ እናቷ እንኳ በምትጎርሰው ምግብ ይነዘንዟታል፤ እሷም ረሀቧን ለማጥፋት ሲጋራ እስከ ማጨስ ትደርሳለች። አማል በሒጃቧ፣ ሲሞን በሰውነቷ፣ ሁለቱም ሰው በሚያየው ነገር ይመዘናሉ። ጓደኝነታቸውን ያጠበቀው ይህ ነው። ልጆቻችን በመልካቸው፣ በክብደታቸው፣ በልብሳቸው ምን እንደሚባሉ እናውቃለን? ከእኛው አፍ ምን እንደሚሰሙስ?

አዳም የሚባል የክፍል ጓደኛም አለ። አማል ልቧ ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ መጽሐፉ ይህን አይደብቅም። ልጁ ከጓደኝነት አልፎ ሊቀርባት ሲሞክር ግን ከጋብቻ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በእምነቷ እንደማይፈቀድ ትነግረዋለች። ጓደኝነታቸው ይቀዘቅዛል፤ እሷም ታዝናለች። አንዳንድ ወላጅ «ይህን ልጄ እንዲያነበው አልፈልግም» ይል ይሆናል። እኛም በዚህ ላይ ተከራክረናል። የደረስንበት ግን ይህ ነው። የልብ ዝንባሌ ልጆቻችን መጽሐፍ ከማንበባቸው በፊትም ያውቁታል። መጽሐፉ የሚያሳያቸው አንዲት ልጅ ስሜቷን እያወቀች ድንበሯን ስትጠብቅ ነው። ይህን ከእኛ ጋር ቢያወሩት ይሻላል ወይስ ብቻቸውን ቢሸከሙት?

በሙስነድ አሕመድ የተዘገበውን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንድ ወጣት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። ሰዎች ጮኹበት። እርሳቸው ግን አቀረቡት፤ አስቀመጡት፤ ለእናትህ፣ ለልጅህ፣ ለእህትህ ትወደዋለህን እያሉ ጠየቁት፤ ከዚያም እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ወጣቱ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ነገር ዘወር አላለም። እንግዲህ ከኛ ቤት ልጅ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነገር ቢጠይቅ ምን እናደርጋለን? እንደ ጮኹት ሰዎች ነን ወይስ እንደ ነቢያችን?

የባሊው ፍንዳታና ጎረቤቲቱ

በታሪኩ መካከል አንድ እውነተኛ አደጋ ይገባል። ጥቅምት 12 ቀን 2002 በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ 202 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም 88ቱ አውስትራሊያውያን ነበሩ። አገሪቱ በሐዘን ተዋጠች። አማልም እንደ ማንኛውም ሰው ደነገጠች፤ አዘነች። ት/ቤት ስትሄድ ግን ስለ ሽብርና ስለ እስልምና ንግግር እንድታደርግ ትጠየቃለች። እሷ ደግሞ ጠያቂዋን፣ በአሜሪካ መስቀል እያቃጠሉ ጥቁሮችን ስለገደሉት የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች አንቺ ክርስቲያን ስለሆንሽ መልስ ስጪ ብትባዪ ምን ይሰማሻል የሚል መልስ ትሰጣታለች። የሌላ ሰው ወንጀል በልጅ ትከሻ ላይ ሲጫን ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። ለልጆቻችን ሁለት ነገር አብረን ልናስተምራቸው ይገባል፤ የንጹሕ ሰው መገደል የሚያሳዝናቸው እንዲሆኑ፣ ባልሠሩትም እንዳያፍሩ።

ከሁሉ ደስ ያሰኘን ግን የወይዘሮ ቫሴሊ ታሪክ ነው። የአማል ጎረቤት የሆኑ፣ ብቸኛና ቁጡ የግሪክ አሮጊት ናቸው። ሜልቦርን ከግሪክ ውጪ ብዙ ግሪኮች ከሚኖሩባቸው የዓለም ከተሞች አንዷ ናት። ሴትዮዋ የኦርቶዶክስ እምነታቸውን አጥባቂ ሲሆኑ ልጃቸው ወደ ይሖዋ ምሥክሮች በመግባቱ ለዓመታት ቆርጠውታል። አማል መጀመሪያ ትፈራቸዋለች። በኋላ ግን ደጃቸውን ማንኳኳት፣ አብራቸው ሻይ መጠጣት ትጀምራለች፤ ቀስ በቀስም ከልጃቸው ጋር እንዲታረቁ ትወተውታቸዋለች። ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ሙስሊሟ ልጅ ክርስቲያኗን እናት ከልጃቸው ጋር ለማቀራረብ መድከሟ ሒጃቧን ከመልበሷ ያላነሰ ሥራ ነው።

ልብ ወለድ ማንበብ ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሁሉም ልብ ወለድ ይነበብ አንልም፤ ልብን የሚያበላሽ ብዙ አለ። ይህም መጽሐፍ ቢሆን የፈትዋ ኪታብ አይደለም። ጸሐፊዋ ደራሲ እንጂ ዓሊም አይደለችም፤ ሸሪዓዊ ጥያቄ ያለው ወደ ዑለሞች ይሂድ። የመጽሐፉም ጉድለት አይጠፋም። አንዳንድ ቦታ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰው ከመነጋገር ይልቅ ለአንባቢ የሚያስረዱ ይመስላሉ። የተጻፈውም በቅድሚያ ስለ እስልምና ለማያውቅ የምዕራብ ወጣት በመሆኑ ለእኛ ቤት ልጅ የታወቀ ነገር ይደጋገምበታል።

ነገር ግን ታሪክ ሰውን እንደሚያስተምር ከቁርኣን በላይ ማን ይነግረናል? ሱረቱ ዩሱፍ የሚጀምረው አንድ ልጅ ሕልሙን ለአባቱ ሲነግር ነው። ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) «ሂድ ተጫወት» አላሉትም፤ ሰሙት፤ ከዚያም መከሩት። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ከአላህ የመጣ ትእዛዝ ይዘው ሳለ እንኳ ልጃቸውን ምን ይመስልሃል ብለው ጠየቁት። ትእዛዙ የአላህ ነው፤ ምክክሩ ግን አልቀረም። እኛ ከኢብራሂም በላይ እርግጠኞች ነን?

እንግዲህ ወላጆች፣ ሦስት ነገር እንድትይዙልን እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ልጃችሁ የሚያነበውን መጽሐፍ ወይም የሚያየውን ፊልም በሳምንት አንድ ጊዜ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁ አታቋርጡት። ሁለተኛ፣ ልጃችሁን አንድ ነገር ስታዝዙ ወይም ስትከለክሉ ትእዛዙ ከዲን ነው ወይስ ከልማዳችን የሚለውን ለራሳችሁ ለዩ። ከልማድ ከሆነ በልማድነቱ ንገሩት እንጂ አላህ ያላለውን አላህ አለ አትበሉ። ሦስተኛ፣ በወንድና በሴት ልጃችሁ መካከል ያለውን ሚዛን እዩት። ለወንዱ የተፈቀደው ሌሊት ለሴቷ ወንጀል የሆነበት ቤት የለይላ ቤት ነው።

እናንተም ልጆች፣ የምንላችሁ አለ። አማል በጓደኛዋ እናት ላይ ፈርዳ በኋላ እንዳዘነች አስታውሱ። ወላጆቻችሁ ያላወቁትን የሚያውቅ ትውልድ ናችሁ፤ ዕውቀታችሁ ግን መናቂያ አይሁናችሁ። የምታውቁትን በአክብሮት ንገሯቸው። ሳይሰሟችሁ ቢቀሩ በር ዘግታችሁ አትጥፉ፤ የሚሰማችሁ አክስት፣ አያት፣ ኡስታዝ ፈልጉ።

ስለዚያ ወንድማችን ሳንነግራችሁ አናብቃ። መጽሐፉን ጨርሶ ለልጁ ሲመልስላት እሱም በእርሳስ አንድ ቦታ አሥምሮ ነበር፤ የአማል አባት ልጃቸውን የሚያዳምጡበትን ስፍራ። ልጅቱ አየችውና ምንም አላለችም። ማታ ላይ ግን ሌላ መጽሐፍ ይዛ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «አባ፣ ይህኛው ደግሞ ስለ ምን እንደሆነ ልንገርህ?» አለችው። እሱም የያዘውን ስልክ አስቀመጠ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። የሚሰሙ ጆሮዎችና የሚያስተውሉ ልቦች ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።